ጓሳን በሳይክል የዞረ ሰው አለ? ከጣርማበር ገብቶ እዛው አድሮ

ቁልቁለት_ወዳዱ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ሳይክል የጀመርኩት ለሥራ መመላለሻ ነበር፤ አሁን ሱስ ሆኖብኝ ቅዳሜ ቤት ከዋልኩ እናቴ "ምነው፣ አሞሃል እንዴ?" ትለኛለች። እስካሁን ሩቁ ጉዞዬ አንኮበር ነው፣ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ። የመመለሻውን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል። ግማሹን እየገፋሁ ነው የወጣሁት፣ አላፍርም።

አሁን ያማረኝ መንዝ ውስጥ ያለው የጓሳ ሳር ሜዳ ነው። ህዳር መጨረሻ ላይ ሁለት ቀን ፈቃድ አለኝ። ሐሳቤ ሳይክሉን መኪና ላይ ጭኜ ጣርማበር ድረስ መሄድ፣ ከዛ በመዘዞ አድርጌ ጓሳ መግባት፣ እዛው ማደር፣ በማግስቱ ደግሞ እንደ ጉልበቴ ወይ ወደ መሐል ሜዳ ከተማ መቀጠል ወይ በመጣሁበት መመለስ ነው። ሳይክሌ ባለ 27.5 ኢንች ጎማ ነው፣ ያገለገለ የገዛሁት። ሾክ ያለው ፊቱ ላይ ብቻ ነው። ፍሬኑ ዲስክ ነው፣ ግን በሽቦ የሚሠራው ዓይነት።

ማወቅ የምፈልገው ሳሩ ሜዳ ላይ በሳይክል ይኬዳል ወይ? ፈቃድ የሚጠየቀው ማንን ነው? ውሻስ? ውሻ በጣም ነው የምፈራው፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ።

ሌላው፣ አትሳቁብኝ፣ ማታ ማታ የአልፕስ ተራሮችን የሳይክል ቪዲዮ ሳይ ነው የማመሸው። እዛ መስመሩ በቀለም ተለይቶለታል። ሰማያዊ ቀላል፣ ቀይ መካከለኛ፣ ጥቁር ደግሞ ለጨከነ። ለሳይክል ብቻ ተብሎ የተሠራ ጠመዝማዛ አለ፣ መዝለያ አለ። እኛስ ምን ጎደለን? ከፍታው አለ፣ ገደሉ አለ። ሦስት አራት ሆነን አካፋና ዶማ ይዘን ብንሄድ በአንድ ቅዳሜና እሁድ አንድ አሪፍ የቁልቁለት መስመር የምናወጣ ይመስለኛል። ምን ትላላችሁ?


ጎሚስታ_በትርፍ_ጊዜ፦

ስለ ቦታው የሚያውቁ ይመጣሉ፣ እኔ ስለ ሳይክሉ ልንገርህ።

መጀመሪያ ፍሬን። በሽቦ የሚሠራ ዲስክ አይናቅም። ግን በዘይት የሚሠራው ሸራው በተበላ ቁጥር ራሱ ይጠጋል፣ ያንተን የምታጠብቀው አንተ ነህ። ከመሄድህ በፊት ሽቦውን ቀይር፣ ትርፍ ሸራም ያዝ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ጨብጠህ እንዳለህ አትውረድ። ዲስኩ ይግላል፣ ሸራው ይቃጠልና ፊቱ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፣ ከዛ በኋላ ብትጨብጠውም አይዝልህም። ጨብጥ፣ ልቀቅ፣ ጨብጥ፣ ልቀቅ። የተቃጠለ ነገር ከሸተተህ ቁም፣ ውሃ ጠጣ፣ ይቀዝቅዝ። ውሃ ግን አታፍስበት! ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ልምድ ያለው የከባድ መኪና ሹፌር እንኳ በከባድ ማርሽ ነው የሚወርደው፣ ፍሬን ላይ ተኝቶ አይደለም።

ጎማህን እንደ አስፋልት አትጠቅጥቀው። እኔ 70 ኪሎ ነኝ፣ ድንጋይ ላይ የአየሩን ግፊት 30 ፒኤስአይ አካባቢ ነው የምይዘው፣ የኋላውን ትንሽ ከፍ አድርጌ። ከዛ በጣም ካነሰ ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መሐል ይቆነጠጥና ሁለት ቦታ ይበሳል። ከበዛ ደግሞ እንደ ኳስ ስትነጥር ትውላለህ።

ትርፍ ከመነዳሪ ሁለት፣ ማስቲሽ፣ ፖምፓ። ኮሸሽላ ላይ ከሄድክ እሾኹ ጎማው ውስጥ ተሰብሮ ይቀርና አዲስ ያስገባኸውንም ይበሳዋል። ስለዚህ ከመቀየርህ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣትህ ዳስስ። እኔ አንዴ ሳልዳስስ ሦስት ጊዜ ተበስቼ፣ በሰላ ድንጋይ ከተማ መንገድ ላይ ሳይክል ተሸክሜ መሽቶብኛል። ከብት የሚነዱ ልጆች "ምነው እሱ አይሸከምህም እንዴ?" እያሉ ሲያፌዙብኝ ነበር።

ቅጥቅጥ ላይ ስትጭን ፔዳሎቹን ፍታ። ረዳቱ በማርሹ በኩል እንዳያስተኛው አደራ። የኋላ ማርሽ መቀየሪያዋ የተንጠለጠለችባት ቀጭን ብረት ከተጣመመች ጉዞህ እዛው ጣርማበር ላይ አበቃ። አንተው ራስህ ጣራው ላይ ወጥተህ እሰረው።

እና የጣርማበር ዋሻ ውስጥ በሳይክል ለፎቶ ብለህ እንዳትገባ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ የቆፈረው ነው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ጨለማና ጭስ ነው። ሲኖትራክ ከኋላህ ሲገባ የምትሸሽበት የለም። አንተ የምትታጠፈው ጣርማበር ላይ ስለሆነ ዋሻው ከነጭሱ ይቅርብህ።


ትንፋሽ_አጠረኝ፦

እኔ ጣርማበር ላይ ከመኪና ወርጄ ፎቶ ስነሳ እንኳ ልቤ ይመታል። እናንተ ዳገት በገንዘባችሁ ትገዛላችሁ። ቀጥሉ፣ እኔ ቆሎዬን ይዤ አነባለሁ።


የጌራ_ልጅ፦

ጌራ ምድር ነው የተወለድኩት፣ አሁን ኑሮዬ አዲስ አበባ ነው። ጥያቄህን ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አካፋው ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ።

ወንድሜ፣ ጓሳ ባዶ ሜዳ አይደለም። ባለቤት አለው። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር፣ የሚጠብቀውም የዙሪያው ገበሬ ነው። አባቶቻችን አስቦና ጌራ ያቀኑት ነው ይላሉ፣ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የተያዘ። ቀሮ የሚባል ሥርዓት ነበረው። ሳሩ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይከለከላል። አይታጨድም፣ ከብት አይገባበትም። ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈትና ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። በ1967 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፣ ጓሳውም ተጎዳ። ኋላ ሕዝቡ ራሱ በኮሚቴ ተደራጅቶ ነው መልሶ የያዘው።

ሳር ምን ያደርጋል ትል ይሆናል። ቤት ይከደንበታል። ገመድ ይሆናል። ገሳም ይሆናል። እኔ ልጅ ሆኜ ክረምቱን ሙሉ ገሳ ለብሼ ነው በግ የጠበቅኩት፤ ዝናብ የሚባል አያስገባም፣ አንገት ግን ሲበላ አይጣል ነው። እንግዲህ አስበው፣ ያንን ሳር አምስት ዓመት ጠብቆ ያሳደገ ሰው ቅዳሜ ጠዋት አራት ጎረምሳ ዶማ ይዞ ሲመጣበት።

አፈሩም ሌላ ጉዳይ ነው። ጥቁርና ለስላሳ ነው፣ ይዞ ያቆመው ሳሩ ነው። ፍሬን ይዘህ የኋላ ጎማህን ስታንሸራትት ሳሩን ከነሥሩ ትገፈዋለህ። ሐምሌ ላይ ውሃው ያቺን መስመር ያገኛትና ቦይ ያደርጋታል። በዓመቱ ጉድባ ሆና ታገኛታለህ። ጓሳ ላይ የወረደ ውሃ በምዕራብ በኩል ወደ ዓባይ፣ በምሥራቅ በኩል ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው፣ አፈሩን ይዞ። ስለዚህ አካፋህን እዛው ደብረ ብርሃን ጓሮህን ቆፍርበት።

መንገድ ከሆነ ሞልቷል። የገበያ መንገድ አለ፣ የአህያ መንገድ አለ፣ ውሃ መውረጃውም አለ። የእኛ ሰው ዳገት ሲወጣ በቀጥታ አይወጣም፣ ጠምዘዝ እያለ ነው። አህያም እንደዛው። ያልከው ጠመዝማዛ መስመር አያቶቻችን በእግራቸው ሠርተውልሃል፣ ለቀለሙ ብቻ ነው ያልደረሱበት።


ቁልቁለት_ወዳዱ፦

እሺ፣ አካፋውን ትቼዋለሁ። የሳሩን ነገር እንዲህ አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ።

ግን ትንሽ ልከራከር። የመኪና መንገድ በመሐሉ ወጥቶ የለም እንዴ? በግና ፈረስስ አይረግጠውም? የአንድ ሳይክል ጎማ ከነሱ ይብሳል? ደግሞ ሳይክል ነጂ ቢመጣ ለአካባቢው ገቢ ነው። አሁን እንግዳ ቢመጣ ጭላዳ አይቶ ፎቶ አንስቶ በዛው ቀን ይመለሳል፣ ሳይክል የያዘ ግን ያድራል፣ ይበላል።


የጌራ_ልጅ፦

የመኪናው መንገድ የወጣው ወላድ በቃሬዛ እንዳትሄድ ነው። አንተ እንድትዘልበት አይደለም። እናቴ ታናሽ እህቴን ስትወልድ መንገድ አልነበረም፣ ይቅር፣ እሱን ሌላ ቀን አወራሃለሁ።

ገቢውን አልጠላም። የአንድ ሳይክል ጎማም ምንም አይደለም። እኔ የምፈራው ያንተን ቪዲዮ አይቶ የሚመጣውን ሃምሳውን ነው። አንተ በመንገዱ ትሄዳለህ፣ እሱ አንተ የሄድክበትን ትቶ ከጎንህ ሌላ ያወጣል። ፈረሱም ቢሆን እንዳሻው አይገባም፣ ተፈቅዶለት ነው። አንተም ሂድ፣ ግን ጠይቀህ፣ ከፍለህ፣ ሰው ይዘህ። መግቢያው ላይ የማኅበረሰቡ ሰዎች አሉ፣ ጠባቂም ይሰጡሃል። ማደሪያም የማኅበረሰቡ ሎጅ አለ፣ ወይ ድንኳንህን ትተክላለህ።

ከመነሳትህ በፊት ግን የመንገዱን ሰላም እዛው ላሉ ሰዎች ደውለህ አጣራ። የሰማኸው ከሳምንት በፊት ከሆነ አትቁጠረው።


ካቴና_የበጠሰችው፦

እኔ ሄጃለሁ! ሦስት ሆነን፣ ጥር ላይ፣ ከአዲስ አበባ። የሆነውን ሁሉ ልንገርህና አንተ ራስህ ፍረድ።

የመጀመሪያው ቀን ምንም አልነዳንም ማለት ይቻላል። አንዱ ጓደኛችን ማታውን ራሱን አመመው፣ ምግብም አልበላ አለው። አንተ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ስለምትኖር ከእኛ ይሻልሃል፣ ግን 3,500 ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው። ዳገት ላይ እግርህ ሳይደክም ትንፋሽህ ነው የሚያልቀው። በጣም ቀላሉ ማርሽ ላይ አድርገህ እንደ ሽማግሌ ሂድ። እኛ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰዓት ፈጅቶብናል። የሚያናድደው ደግሞ የተሰጠን ጠባቂ በኮንጎ ጫማ በእግሩ ቀድሞን እየሄደ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቁጭ ብሎ ይጠብቀን ነበር። "ይቺ ነገር ዳገት ላይ ትከብዳችኋለች መሰለኝ" አለን። አዎ፣ ትከብደናለች።

ሳሩ ሜዳ ላይ ይኬዳል ወይ ላልከው፣ አይኬድም። ከሩቅ ሲያዩት ምንጣፍ ይመስላል። ስትጠጋው ጉብ ጉብ ያለ ነው፣ አንዱ ጉብታ ጉልበትህ ድረስ ይደርሳል፣ በመሐሉ ጎማ የሚያልፍበት የለም። የጌራ ልጅ ያለውን ትተን፣ ብትፈልግም አትችልም። ጨረንፌ የሚባለው ቁጥቋጦ ያለበት ደግሞ መሪህን ይይዝብሃል። ረባዳው ቦታ ረግረግ ነው፣ ከላይ ደረቅ መስሎ ገብተህ እስከ ቁርጭምጭሚትህ ትሰምጣለህ። ስለዚህ በተረገጠው መንገድ ብቻ።

መንገዱም ላይ ቢሆን ፍልፈል አለልህ። አፈር ቆፍሮ ያወጣበት ጉብታ ይታያል፣ ባዶው ጉድጓድ ግን አይታይም። እኔ ቀለል ያለች ቁልቁለት አግኝቼ፣ ፍሬኑን ለቅቄ፣ ደስ ብሎኝ እየዘፈንኩ ስወርድ የፊት ጎማዬ ገባበት። በመሪው ላይ አልፌ ሄድኩ። የወደቅኩት ጓሳው ሳር ላይ ነው፣ እሱ ባይኖር ጥርሴ ዛሬ የለም። ሄልሜቴ ተሰንጥቋል። ካቴናዬም ያን ጊዜ ነው የተበጠሰው፣ ስሜ ከዛ የመጣ ነው። የካቴና መፍቻ ያልያዘ ሰው መንዝ አይሂድ፣ እንደ ሕግ ያዘው።

ጭላዳዎቹ ሌሊት ገደሉ ላይ ነው የሚያድሩት፣ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፣ ቁጭ ብለው ሳር ሲነጩ ይውላሉ። ሰው አይፈሩም። ግን ሳይክል ሲመጣባቸው ይደናገጣሉ፣ ግልገል ያዘሉትማ ይበተናሉ። ውረድና ገፍተህ እለፍ፣ አምስት ደቂቃ ነው።

ቀይ ቀበሮ አንድ ጊዜ አየን። ብቻውን አይጥ እያደነ ነበር። ጠባቂው በእጁ "ቁሙ" አለን፣ ሳይክሉን አስተኝተን ቁጭ አልን። ሃያ ደቂቃ ያህል እዛው ፊት ለፊታችን ሲሠራ ቆየ፣ አንዷን ያዘ፣ ዋጠ፣ ሄደ። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው ሲባል ሰምቼ ነበር፣ እዛ ቁጭ ብዬ ሳየው ነው ቁጥሩ የገባኝ።

ስለ ውሻ፣ ይመጡልሃል። የመንዝ ውሻ ሳይክል አይወድም። አትሩጥ፣ አታመልጠውም፣ ዳገት ላይማ ጭራሽ። ውረድ፣ ሳይክሉን በአንተና በውሻው መሐል አድርግ፣ ባለቤቱን ጥራ። "ኧረ የቤት ጌታ!" ብለህ ጮክ በል፣ አንድ ሕፃን ከየት እንደመጣ ሳታየው መጥቶ በድንጋይ ይመልስልሃል። የራስህን ውሻ ግን ይዘህ እንዳትሄድ፣ ቀበሮዎቹን ከሚጨርሷቸው ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚያዙት የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ሰዓት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለመነሳት ሞክር። ከሰዓት በኋላ ከቆላው በኩል ጉም በገደሉ ላይ ይወጣል፣ ምሥራቁ በኩል ጫፍ ላይ ከሆንክ አሥር ሜትር አታይም። ጉም ከመጣ ከሳይክል ውረድ። ገደሉ ቀልድ አይደለም። ማታ ውርጩ ይጥላል፣ ሳይክሌ ላይ የተውኩት ውሃ ጠዋት በረዶ ሆኖ አገኘሁት። በርኖስ የሚያበድርህ ካገኘህ እምቢ አትበል።


ትንፋሽ_አጠረኝ፦

"እየዘፈንኩ ስወርድ" ያልሽው ላይ ቆሎ አነቀኝ።


ሲራራ_ነጋዴ፦

ቁልቁለት_ወዳዱ፣ የምትፈልገው ፍጥነት ከሆነ ጓሳ ቦታህ አይደለም። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ውረድ። የድሮ የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነው፣ በ19ኛው መቶ ዘመን አልዩ አምባ ትልቅ ገበያ ነበረች፣ ከባሕር በኩል የመጣው ዕቃ በዛ ነው ሸዋ የሚገባው የነበረው። ከደጋ ተነስተህ ቆላ ነው የምትገባው። ላይ በሹራብ ጀምረህ ታች በካናቴራ ትጨርሳለህ። ድንጋይ ነው፣ ለእጅ አንጓ ጥሩ አይደለም። በገበያ ቀን አትሂድ፣ ግመልና አህያ ይሞላዋል፣ ግመል ደግሞ ሳይክል ሲያይ ምን እንደሚያስብ ማንም አያውቅም። መመለሻህን በመኪና አድርገው።

ለጓሳው ግን የሚበላ ያዝ። ያኔ የገና ጾም ገብቷል አይደል? ጥሩ፣ በሶ ለሳይክል ከሁሉም በላይ ነው። ትንሽ ስኳርና ጨው ጨምረህ በጥብጠህ ጠጣ። ከውጭ የሚመጣውን ውድ የጉልበት ጄል ሞክሬዋለሁ፣ ከበሶ አይበልጥም፣ ሆዴን ነው ያሳመመኝ።


ቁልቁለት_ወዳዱ፦

ሄጄ ተመለስኩ! ይቅርታ፣ ቶሎ አልጻፍኩም፣ ጣቶቼ ራሳቸው ደክመው ነበር።

ብቻዬን ልሄድ አስቤ አንድ የሥራ ባልደረባዬን አሳስቼ ይዤው ሄድኩ። ጣርማበር ስንደርስ ጉም ነበር፣ የሚታየው የመኪና መብራት ብቻ። ረዳቱ ሳይክሉን ሲያወርድ በማርሹ በኩል ሊያስተኛው ሲል "በእናትህ!" ብዬ የጮህኩትን ጩኸት ሙሉ መኪናው ሰምቷል። ጎሚስታ፣ አንተን እያሰብኩ ነው።

እስከ መዘዞ ሰውነታችን እስኪሞቅ ቀስ ብለን ሄድን። ከዛ በኋላ ዳገቱ አያልቅም። አንድ ዳገት ወጥቼ "አሁን አለቀ" ስል ሌላ ይታያል። ባልደረባዬ እኔን መስደብ የጀመረው ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ነው፣ ያቆመው ደግሞ ጓሳው ሲከፈት። እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ሳሩ በነፋስ አንድ ላይ ሲተኛና ሲነሳ፣ ጅብራው በየቦታው እንደ ሰው ቆሞ። ሁለታችንም ሳንነጋገር ቆምን። ከዛ እሱ "እሺ፣ ይቅር ብዬሃለሁ" አለኝ።

መግቢያው ላይ ከፈልን፣ ጠባቂ ተሰጠን። ሳይክሉን ሲያይ መጀመሪያ ያለን ነገር "ከመንገዱ አትወጡም አይደል?" ነው። አንወጣም አልነው። አካፋ ይዤ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምለው እንጃ። እሱም በእግሩ ቀደመን፣ ካቴና_የበጠሰችው እውነቷን ነው። ሁለተኛው ዳገት ላይ ግን "እስቲ ልሞክራት" አለና ሳይክሌን ተቀበለኝ። ነጭ ጋቢውን ወገቡ ላይ አሥሮ ቁልቁለቷን ወረደ። ፍሬኑን እንዴት እንደሚይዝ ሳልነግረው ነው የሄደው! ልቤ ቆመ። ታች ደርሶ በእግሩ ረግጦ አቆማትና ዞሮ ሳቀብን። መልሶ እንዲያመጣት ስንጠራው "አንተ ና፣ ወደ ላይ አትነዳም ይቺ" አለ።

የነዳነው ከምጠብቀው በጣም ያነሰ ነው። ምናልባት ከመንገዱ ሲሦውን ገፍተን ነው የሄድነው። አንዷ የአህያ መንገድ ግን፣ ወደ ወንዙ የምትወርደው፣ እንደ ቪዲዮው ናት። ስድስት ሰባት ጊዜ ትጠማዘዛለች፣ መታጠፊያዋ ላይ አህያው የረገጠው ራሱ ከውጭ በኩል ከፍ ብሎ ለጎማ ይመቻል። ጭነት የያዘች አንዲት እናት ከታች ስትመጣ ወርደን ቆምንላት። "ምን ጠፍቷችሁ ነው ልጆቼ?" አሉን። ምንም አልጠፋንም እማማ አልናቸው። አላመኑንም፣ አዘኑልን እንጂ።

ፍሬኔ አንድ ጊዜ ሸተተኝ፣ ቆምኩ፣ ቀዘቀዘ። ሸራው አልቆ ነው የተመለስኩት። አልተበሳሁም! ባልደረባዬ ሁለት ጊዜ ተበስቷል፣ ሁለቱንም ኮሸሽላ ነው። ውሻም መጣ፣ ሦስት። ሳይክሉን መሐል አድርጌ "የቤት ጌታ!" ብዬ ጮህኩ፣ ድምፄ ቀጥኖ እንደ ሕፃን ነው የወጣው። አንዲት የስምንት ዓመት የምትሆን ልጅ መጥታ በስማቸው እየጠራች መለሰቻቸው። ከዛ የሳይክልህን ደወል ልደውል አለችኝ። ደወለች፣ ደወለች፣ ደወለች።

ቀበሮ አላየንም። ዓይነ ምድሩን ጠባቂው አሳይቶናል፣ የአይጥ ፀጉር ያለበት። ቪዲዮም አልለቀቅኩም የጌራ ልጅ፣ ለቤተሰብ ብቻ ነው ያሳየሁት። እናቴ አይታ "ይሄን ለማየት ሳይክል ምን ያደርጋል?" አለችኝ።

አንድ ነገር ጠፋብኝ፣ ፖምፓዬ። መዘዞ አካባቢ ለምሳ ስናርፍ የተውኩት መሰለኝ። ሰማያዊ ናት፣ እጀታዋ በጎማ የተጠቀለለ።


ጎሚስታ_በትርፍ_ጊዜ፦

ሸራው ፊቱ ካብለጨለጨ በአሸዋ ወረቀት ትንሽ ብትፈትገው ይመለሳል። ካለቀ ግን አትሞክር፣ ብረቱ ዲስክህን ይበላዋል።


የጌራ_ልጅ፦

ፖምፓህ ተገኝታለች። የአጎቴ ልጅ መዘዞ ሱቅ አለው፣ ስደውልለት "ሰማያዊ ናት? እዚህ ናት" አለኝ። ለጊዜው የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሞተር ሳይክል ጎማ እየነፋባት ነው። ስትመለስ ትወስዳታለህ፣ አጎቴ ቤት ሳትገባ ብታልፍ ግን ይቀየማሉ።


ቁልቁለት_ወዳዱ፦

ይንፉባት። ለጥምቀት እመጣለሁ። አጎትህን ምን ይዤላቸው ልምጣ?


የጌራ_ልጅ፦

ቡና። ያልተቆላ።